የካፒቴን ቶረኒያዝ ጎላ

በሞይናቅ ከተማ ተጋድሞ ሰው ፊት የሚቀርብ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶው ጥሩ ወጥቶለት እንደሆነ አይጠይቅም። የሰርግ ፎቶ አንሺዋ ኡልቦሲን ከዚህ ተነሥታ ለራሷ ሕግ አውጥታለች። ማንንም ሳይዘጋጅ አታነሣም። ሽማግሌው የኮታቸውን ቁልፍ እስኪቆልፉ፣ ሜዳልያቸውን በእጅጌያቸው እስኪወለውሉ፣ አሮጊቷ ነጭ ሻሻቸውን እስኪያጠብቁ ትታገሣለች። ከዚያ «ቀና ይበሉ» ትላለች። ቀና ይላሉ። ያን ጊዜ ታነሣለች።

ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ነው። በሌላው ቀን ወደ ባሕሩ ትወርዳለች። ባሕሩ የለም። ሰው ግን አሁንም «ወደ ባሕሩ» ነው የሚለው፤ ሌላ ስም እናውጣለት ብሎ ስብሰባ የጠራ ስለሌለ። ኡልቦሲን ፊደል ስትቆጥር ውሃው ከከተማው እየሸሸ ነበር፤ ስትዳር ጨርሶ ከዓይን ጠፍቷል። የቀረው ጨው ነው፣ አሸዋ ነው፣ ያለ ማንም ፈቃድ የበቀለ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው፤ በመካከሉ ደግሞ ሰዎች ወደ ውሃ የጣሉት፣ ከመርከብ የወደቀባቸው፣ ወይም ሲሄዱ ያልተሸከሙት ዕቃ።

ኡልቦሲን ይህን ዕቃ ፎቶ ታነሣለች። ማንቆርቆሪያ ስታገኝ በብሩሽ ጨዉን ታራግፍለታለች፣ ሆዱ ውስጥ የገባውን አሸዋ ትደፋለታለች፣ በቂጡ ታስቀምጠዋለች። ከኋላው በሁለት እንጨት ላይ ነጭ አንሶላ ትወጥራለች። ጫማ ከሆነ ተረከዙ ውስጥ ጠጠር ከትታ ታቆመዋለች። የመረብ ተንሳፋፊ ኳስ፣ የበር እጀታ፣ የታሸገ ዓሣ ቆርቆሮ፣ የሞተር መዘውር፣ ሁሉም በተራው ተጠርጎ፣ ቆሞ፣ ፊት ለፊት እያየ ተነሥቷል። አንዴ ሁለቱም እጆቿ የሌሉ አሻንጉሊት አገኘች። የምታስተካክለው ሜዳልያም ሆነ የምታስተካክልበት እጅ አልነበራትም፤ ቢሆንም ኡልቦሲን ትንሽ ጠበቀቻት።

የከተማው ሰው መጀመሪያ ወርቅ የምትፈልግ መስሎት ቀናባት። ምንም እንደማትፈልግ ሲያውቅ ደግሞ አዘነላት። እሷ ለሁለቱም ደንታ አልነበራትም። ለአባቷ አራተኛ ሴት ልጅ ናት፤ ኡልቦሲን ማለት «ወንድ ይሁን» ማለት ነው። ከእሷ ቀጥላ የመጣችውም ሴት ሆነች፤ አባቷ ከዚያ ወዲያ ለአላህ በስም በኩል ማመልከቻ ማስገባቱን ተወው። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ያደገ ሰው የጎረቤት አስተያየት ብዙም አይከብደውም።

ነገሩ የተለወጠው ዲልፉዛ የምትባል ሴት ከዋና ከተማው ከታሽኬንት ስትመጣ ነው። ዲልፉዛ ሥዕልና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ማሳየት ሥራዋ ነው። ፎቶዎቹን አንድ ባንድ እያየች፣ ባየች ቁጥር በረጅሙ ትተነፍስ ነበር።

«አያሳዝንም?» አለቻት።

«ምኑ?» አለች ኡልቦሲን። ከልቧ ነው የጠየቀችው።

ዲልፉዛ ይህን መልስ እንደ ትልቅ ነገር ቆጥራ በስልኳ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ፎቶዎቹ መጀመሪያ በሞይናቅ የባህል አዳራሽ፣ ቀጥሎም በዋና ከተማው እንዲታዩ ተስማሙ። በፊተኛው ግድግዳ ላይ፣ ሰው በሩን ከፍቶ እንደገባ የሚያየው፣ በማስታወቂያውም ላይ የሚወጣው፣ የአንድ ትልቅ የብረት ጎላ ፎቶ እንዲሆን ተወሰነ።

ጎላው ኡልቦሲን ካነሣቻቸው ሁሉ የላቀው ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ያገኘችው ከከተማው ርቆ፣ የብረት ነጋዴዎች ቆራርጠው ወስደውት የጎድን አጥንቱ ብቻ ከቀረ መርከብ አጠገብ ነው። አሸዋው ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሮ ነበር። ቆፍራ፣ በእንጨት ፈልቅቃ፣ ወገቧ እስኪቆረጥ ታግላ አገላበጠችው። ከሥሩ ክዳኑ የተከደነ የጨው ጠርሙስ፣ በቆርቆሮ ውስጥ የታሸገ ክብሪትና የእንጨት ጭልፋ ወጡ። እነሱንም እንደ ወጉ አንድ ባንድ አቁማ አነሣችና መልሳ ጎላው ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ ጎላውን በአሸዋ ፈትጋ በጉልቻ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የጎላው አፍ ዳር እንደ ቀለበት አበራ። ሆዱ ሰፊ፣ ጆሮዎቹ ወፋፍራም፤ ግብር ሊያበላ የተቀመጠ ገዢ ይመስል ነበር። ወደ ኑኩስ ከተማ ወስዳ የበር ያህል አድርጋ አሳተመችው።

መከራው የመጣው ያን የበር ያህል ፎቶ ከመኪና ሲያወርዱት ነው። መኪናው የጆልሙርዛ ነው። ጆልሙርዛ ወደ ባሕሩ ወለል መንዳት የሚደፍር ብቸኛ ሾፌር ሲሆን፣ ለድፍረቱ ምክንያቱ መኪናው ከዚህ በላይ ሊበላሽ አለመቻሉ ነው። የፎቶውን አንድ ጫፍ ይዞ ሳለ ቆም አለ። ከጎላው አፍ አጠገብ፣ ብረቱ በተሰነጠቀበት ቦታ፣ አንጥረኛ የመታው ቅጠል የመሰለ ልጥፍ ነበር። አየው፤ ጠጋ ብሎ አየው። ከዚያ ፎቶውን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና መኪናውን ተደግፎ ይስቅ ጀመር።

«ይሄማ የቶረኒያዝ አታ ጎላ ነው» አለ ሲበርድለት። «ልጥፉን አጎቴ ነው የመታው። የቶረኒያዝ አታ ጎላ ተጥሎ ተገኘ። አላህ ይህን ሳታይ አትሞትም ብሎኛል።»

ይህ ለምን እንደሚያስቅ በሞይናቅ የማያውቅ የለም። ካፒቴን ቶረኒያዝ፣ ከተማው «አታ» ማለትም አባት የሚላቸው፣ ሰማንያ አራት ዓመት የሆናቸው፣ ከመርከብ አዛዦች መካከል በሕይወት የቀሩ ብቸኛው ሰው ናቸው። በየሰርጉና በየለቅሶው ተነሥተው የሚናገሩት አንድ ንግግር አላቸው። ውሃው ሲሸሽ ሌላው ሰው ዕቃውን እየጣለ ሮጠ፤ እኔ ከመርከቤ ላይ አንዲት ምስማር አልተውኩም፤ ጎላውን የጣለ እናቱን ጥሏል፤ ይላሉ። በዓሣ አጥማጆች ዘንድ ከአንድ ጎላ የበሉ ወንድማማች ናቸው። «ጎላ ጣይ» የሚለው ስድብ ከዱላ በፊት የመጨረሻው ቃል ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚነገር የለም።

ጆልሙርዛ ደግሞ ይህን ስድብ በእናቱ ወተት ጠጥቶታል ማለት ይቻላል። ልጅ ሳለ አባቱ ዓሣ ፍለጋ ወደ ሩቅ ሐይቅ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ ጎላው የባሕሩ ዳር ላይ ወድቆ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ሲቆጡት «የጎላ ጣይ ልጅ» ይሉታል። በገዛ ሰርጉ ላይ ሳይቀር ብለውታል፤ እርግጥ በዚያን ዕለት ለስለስ አድርገው ነው ያሉት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሳይመሽ ወሬው የዳቦ ሰልፉን ጨርሶ ወደ መስጊዱ ደረሰ። ቅዳሜ አዳራሹ ሲከፈት የማይመጣ ሰው እንደማይኖር ኡልቦሲን ገባት። ለዕቃ ፎቶ ብሎ ሳይሆን ካፒቴኑ በግድግዳ ሙሉ ሲዋረዱ ለማየት ነው የሚመጣው። የምታዋርዳቸውም እሷ ናት፤ አማቷ በመርከባቸው ላይ ያገለገሉላቸውን፣ ራሷንም ከተዳረች ጀምሮ «ምራቴ» ሲሏት የኖሩትን ሰው።

ሲነጋ ዲልፉዛ ጋ ደወለች። ያን ፎቶ ብናወርደውስ፤ አለቻት። ዲልፉዛ ማስታወቂያው ታሽኬንት ውስጥ ተለጥፏል አለች፤ ደግሞም ያለ ጎላው ዐውደ ርእዩ ጭንቅላት የለውም። ኡልቦሲን ስልኩን ዘጋችና አሰበች። እውነቱን ለመናገር እሷም ማውረድ አልፈለገችም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሙሽራ ስታነሣ ኖራ፣ «ይህን ያነሣሁት እኔ ነኝ» የምትልበት ፎቶ ቢኖር እሱ ነው። በማግስቱ ትንሿን ቅጂ በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ካፒቴኑ ቤት ሄደች።

በሩን የከፈቱላት ባለቤታቸው፣ ሰው ሁሉ «አፓ» ማለትም ታላቅ እህት የሚላቸው ቢቢጀማል አፓ ናቸው። ካፒቴኑ ሁለት ቀን ሙሉ ከቤት አልወጡም፤ ምግብ ግን በደንብ እንደሚበሉ ነገሯት። ኩርፊያቸው ሆድ የማይነካ ዓይነት ነው። ውስጥ ስትገባ ካፒቴኑ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሜዳልያቸውን ደርድረው፣ የካፒቴን ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። ለማንም ሳይሆን ለግድግዳው ነበር የለበሱት። ጨው የገባበት የወተት ሻይና የማሽላ ቂጣ ቀረበ። እስኪጠጣ ድረስ ስለ ነፋሱ ተወራ። ነፋሱ ሲያልቅ ኡልቦሲን መሐረቡን ፈታች።

መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ልጥፉን በጣታቸው ተከተሉት። እሷ ይቅርታዋን በሆዷ ስታዘጋጅ ነበር።

«ማነው ያገላበጠው?» አሉ።

«እ?»

«ጎላዬን ማን አገላበጠው ነው የምልሽ።»

«እኔ ነኝ አታ። ቆሽሾ ነበር፤ ፈትጌ አቆምኩት።»

«አቆምሽው።» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ስታገኚው አፉ ወዴት ነበር?»

«ወደ ታች።»

ካፒቴኑ ዞረው ሚስታቸውን አዩ። «ሰማሽ?»

«እኔ አርባ ዓመት ሙሉ ሰምቻለሁ» አሉ ቢቢጀማል አፓ ሻይ እየቀዱ። «ለማያውቁት ንገራቸው።»

ነገሯት። የመርከቡ መዘውር ጭቃ ነክሶ የቀረ ዕለት ቡድናቸው ሁሉን ነገር በትከሻው ተሸክሞ ወጣ። መረቡን፣ ሞተሩን፣ ገመዱን፣ የመስኮቱን መስታወት ሳይቀር። ጎላውን ግን ራሳቸው ካፒቴኑ «ይቀመጥ» አሉ። ከአያቶቻቸው፣ በሸምበቆ ደሴቶች ላይ ከሚኖሩት፣ የወረሱት ደንብ ነው። ተመልሶ የሚመጣ ሰው ጎላውን አፉን ወደ ታች ደፍቶ፣ ከሥሩ ጨውና እሳት አኑሮ ይሄዳል፤ ቀድሞ የደረሰ እንግዳም ሆነ ባለቤቱ ሲመጣ ቀቅሎ እንዲበላ። አፉ ወደ ላይ የሆነ ጎላ የተጣለ ጎላ ነው፤ ነፋስ ይሞላዋል፣ ውሻ ይልሰዋል። አፉ ወደ ታች የሆነ ጎላ ባለቤት አለው። ይህን የቡድኑ ሰዎች ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ችግሩ የቡድኑ ሰዎች ሁሉ መሞታቸው ነው።

«ታዲያ በየሰርጉ ሲናገሩ ለምን ይህን አልነገሩንም?» አለች ኡልቦሲን።

ካፒቴኑ ቆባቸውን አዞሩት። በየዓመቱ ውሃው ሲርቅ እያየ «እመለሳለሁ፣ ጎላዬም እየጠበቀኝ ነው» የሚል ሰው ቢኖር ሰው ምን ይለዋል፤ አሉ። ሰው እንዲስቅባቸው አልፈለጉም። ስለዚህ ምንም አልተውኩም አሉ። ያጥራልም።

«ውሸት ግን አልተናገርኩም» አሉ። «የተቀመጠ ነገር ተተወ አይባልም። ጎላዬ ተጥሎ አያውቅም ነበር። የጣልሽው አንቺ ነሽ፣ ምራቴ።»

 ኡልቦሲን የተጋደመውን ሁሉ አቁማ፣ የተደፋውን ሁሉ ቀና አድርጋ፣ ለዕቃ ሁሉ ክብር የሰጠች መስሏት ነበር። ለዚህ አንዱ ግን ክብሩ መደፋቱ ነበር፤ በገዛ እጇ ገልብጣ፣ ፈትጋ፣ አስጊጣ፣ በበር ልክ አሳትማ «የተጣለ» አድርጋዋለች።

«እመልሰዋለሁ» አለች።

«ብቻሽን አይደለም» አሉ ካፒቴኑና ለመነሣት እጃቸውን ዘረጉ።

ወደዚያ የሚሄድ መኪና የጆልሙርዛ ብቻ ስለሆነ በማግስቱ ጆልሙርዛ ተጠራ። በሩ ላይ ቆሞ ነገሩን ሁሉ ሰማ፤ ሰምቶም ፈገግ አለ። ይህን ቀን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ቸኩሎ ሊጨርሰው አልፈለገም።

«አታ፣ ከአርባ ዓመት በኋላማ የማን ድስት ያልተደፋ አለ?» አለ። «የሚመሰክርልዎት እኮ የለም።»

ኡልቦሲን ካሜራዋን ከፈተችና ወደ ኋላ እያገላበጠች አሳየችው። የመጀመሪያው የጨው ጠርሙስ። ክዳኑ የተከደነ፣ ጨውም ከነነጭነቱ። ሁለተኛው በቆርቆሮ የታሸገው ክብሪት። ሦስተኛው ጭልፋው። ከዚያ በኋላ ነው ጎላው የሚመጣው።

«እነዚህን ከምን ሥር ያወጣኋቸው ይመስልሃል?» አለችው። «የሚጥል ሰው ጨው ከድኖ ይጥላል?»

ጆልሙርዛ ካሜራውን ተቀብሎ ራሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት አገላበጠ። ክብሪቱ ላይ ሲደርስ ቆየ። ፈገግታው መጀመሪያ ከአንዱ ጉንጩ፣ ከዚያ ከሌላው ሄደ። ካሜራውን መለሰላትና መኪናውን ሊያስነሣ ወጣ።

ቢቢጀማል አፓ አዲስ ጨው፣ አዲስ ክብሪትና አንድ እፍኝ ሻይ ቅጠል በጨርቅ ቋጠሩ። ካፒቴኑ ሻይ ቅጠል በደንቡ የለም ብለው ተቃወሙ። ሚስታቸው ደንቡን ያወጡት ወንዶች ስለሆኑ ነው የሌለው አሉና ቋጠሮውን አጠበቁት።

ካፒቴኑ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ኡልቦሲን ከኋላ ተቀመጡ። ከከተማው እንደወጡ ካፒቴኑ መምራት ጀመሩ። እዚህ ጋ ጥልቅ ነው፣ ሂድ። እዚህ ጋ ደለል አለ፣ በቀኝ ዙር። ጆልሙርዛ ደረቅ ሜዳ ላይ የሌለውን ደለል በቀኝ ዞረ፣ የሌለውን ዓለት በግራ አለፈ። መከራከር ከመዞር የበለጠ ጊዜ እንደሚፈጅ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ተምሯል። እስከዚያ ደፍሮ የመጣ አንድ የሌላ ሰው መኪና አሸዋ ውጦት የቀረበት ቦታ ሲደርሱ፣ ካፒቴኑ «ይህ እንግዳ ነበር፤ ወሽመጡን አያውቅም» ብለው አለፉት።

ያን ቦታ እንዳለፉ ጆልሙርዛ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ጠየቀ።

«የአባቴስ እንዴት ነበር? አፉ።»

 ኡልቦሲን ከኋላ ሆና ትንሽ ቢዋሹለት ምናለበት ብላ ተመኘች።

«ወደ ላይ ነበር» አሉ ካፒቴኑ። «በረዶ ሞልቶት ነው ያየሁት። ሲቀልጥም ውሃ ሞላው።»

ጆልሙርዛ ማርሽ ቀየረ። ጥቂት ነዳ።

«እንዲያ ከሆነ አያፈስም ነበር ማለት ነው» አለ።

«አያፈስም» አሉ ካፒቴኑ። «በጣም ጥሩ ጎላ ነበር። አባትህ በዕቃ ምርጫ አይታማም።»

ከዚያ በኋላ ሁለቱም የተሻላቸው መሰሉ።

ጎላው ኡልቦሲን ባቆመችበት ጉልቻ ላይ ነበር። ነፋሱ ግማሽ ድረስ አሸዋና ጨው ሞልቶታል፤ የጭልፋው እጀታ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ካፒቴኑ ቆመው አዩት። ኡልቦሲን መሬት መሬቱን አየች። ጆልሙርዛ እጅጌውን ሰብስቦ ቀረብ ሲል ካፒቴኑ በክንዳቸው ከለከሉት።

«እኔ ነኝ የደፋሁት። እኔው እደፋዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኡልቦሲን ዞሩ። «ስንበረከክ እንዳታነሺኝ።»

ኡልቦሲን ካሜራዋን ዘግታ ጀርባዋን ሰጠች። ጆልሙርዛ ሳይታዘዝ ጀርባውን ሰጠ። ሁለቱም ወደ መርከቡ የጎድን አጥንት እያዩ ቆሙ። ከኋላቸው አሸዋ ሲፈስ፣ ካፒቴኑ ሲያቃስቱ፣ ብረት ድንጋይ ሲነካ ተሰማ። አንዴ ረጅም ጸጥታ ሆነና ጆልሙርዛ ሊዞር ነበር፤ ኡልቦሲን እጅጌውን ያዘችው። ቀጥሎ ብረቱ እንደ ደወል ዶም አለ።

ሲዞሩ ካፒቴኑ ቆመዋል፤ ጉልበታቸው ላይ ጨው አለ፣ ቆባቸው ቀጥ ብሏል። ጎላው አፉን መሬት ላይ ደፍቶ፣ ጥቁር ጀርባውን ለሰማይ ሰጥቶ ተቀምጧል። አዲሱ ጨው፣ አዲሱ ክብሪት፣ አሮጌው ጭልፋና ደንብ ያልፈቀደው ሻይ ቅጠል ከሥሩ ናቸው። ካፒቴኑ አሮጌውን ክብሪት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እንግዳ መጥቶ ክብሪቱ እምቢ ቢለው ማን ይዋረዳል አሉ።

ኡልቦሲን አንሶላውን አወጣችና መልሳ አጠፈችው። የሚጋረድ ነገር አልነበረም። ዝቅ ብላ፣ ጎላውን ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውን ነጭ ሜዳ እስከ መጨረሻው አስገብታ አነሣች። ካፒቴኑን አጠገቡ ይቁሙ ብላ ጠየቀቻቸው። እምቢ አሉ። እሳቸው ቤት እንዳላቸው፣ እዚህ የሚኖረው ጎላው እንደሆነ ነገሯት።

ቅዳሜ ዲልፉዛ ከታሽኬንት ከእንግዶች ጋር መጣች። ፊተኛው ግድግዳ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግብር ሊያበላ የተቀመጠው ገዢ የለም። በምትኩ ነጭ ጨው ላይ የተቀመጠ ጥቁር ጉብታ አለ፤ ሰው ነግሮት ካልሆነ ኤሊ ይሁን ድንጋይ አይለይም። ያኛው የት ሄደ ብላ ጠየቀች። ኡልቦሲን ያኛው ስሕተት ነው አለቻት። ዲልፉዛ ማስታወቂያውን አነሣች፣ ብርሃኑን አነሣች፣ እንዲያ ያለ ፎቶ በሰው ዕድሜ አንዴ እንደሚገኝ በለሆሳስ አስረዳቻት። ይህን ኡልቦሲንም ታውቅ ነበር፤ ስላወቀችም ነው መልሷን ሌሊቱን አዘጋጅታ ያደረችው።

«ወይ ይሄ ይሰቀላል» አለች፣ «ወይ ሁሉም ይወርዳል። መዶሻው እዚህ አለ።»

ዲልፉዛ በረጅሙ ተነፈሰች። ኡልቦሲን ግን ስትተነፍስ እየቆጠረች ስላልነበር ወደ ሥራዋ ሄደች። ማስታወቂያው ከሰኞ ጀምሮ እንዲቀየር በስልክ ሲታዘዝ ከጀርባዋ ሰማች።

አዳራሹ ሞላ። የመጡት ሁሉ ለብሰው ነው የመጡት፤ ሰው ሲዋረድ ለማየትም ቢሆን በሞይናቅ ሳይለብሱ አይወጣም። ካፒቴኑ ከፎቶው አጠገብ ቆመዋል። ጆልሙርዛ ወንበር አመጣላቸው፤ አልተቀመጡበትም፤ ጆልሙርዛም መልሶ አልወሰደውም፣ አጠገባቸው ቆመ። ሰው በመጣ ቁጥር ስለ አፉ፣ ስለ ጨዉና ስለ ክብሪቱ የሚያስረዳው እሱ ነው። ካፒቴኑ አንድ ቃል አልጨመሩም። ለአርባ ዓመት ሲናገሩት የኖሩትን ንግግር ያልተናገሩበት የመጀመሪያው ሕዝባዊ ስብሰባ ነበር። አንዳንድ አሮጊቶች የጎላውን ጀርባ በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው ወሰዱ፤ ፎቶ መሆኑ ሳይጠፋቸው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሰው፣ ፎቶውን ከቅርብም ከሩቅም አየውና ወደ ሽማግሌው ዞረ። በጣም ኀዘን የሚያሳድር ሥራ ነው አለ። ከዚያ በትሕትና ጠየቀ።

«መቼ ነው የተጣለው አባቴ?»

«አልተጣለም» አሉ ካፒቴን ቶረኒያዝ። «ተቀምጦ ነው። ጨዉንና ክብሪቱን ባለፈው ሐሙስ ቀይረናል።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አብሮት የሚስቅ ሰው ፈልጎ ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ፣ በመጨረሻም ጆልሙርዛን አየ። ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ዓይኑ ላይ አደረገና ፎቶውን እንደገና ማየት ጀመረ።